ከገጽ 118 ስለቀረው ዳኛና በእኔ ፊርማ ስለጸናው ዜሮ

ቀን፦ ነሐሴ 9፣ ማክሰኞ

ለፈተናዎች ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኜ በፈረምኩት ውሳኔ ላይ ራሴ የማቀርበው አቤቱታ፤ የተፈታኝ ቁጥር 40716 የታሪክ መልስ ከዓርብ በፊት እንደገና እንዲታረም ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

አቤቱታ አቅራቢው እኔ ነኝ። አቤቱታ የሚቀርብበትም እኔ ነኝ። ይህን ሲያነቡ «ሰውየው ነካ አድርጎታል» እንዳይሉ ከወዲሁ ልናገር፤ ጤነኛ ነኝ፣ ደብዳቤውን የጻፍኩትም በጠዋት፣ በደህና አእምሮ ነው። የሚከተለውን በትዕግሥት እንዲያነቡልኝ በአክብሮት እለምናለሁ።

1. ሃያ ስድስት ዓመት ታሪክ ያስተማርኩ መምህር ነኝ። ከአሥረኛ ክፍል የታሪክ መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ «የፖለቲካ፣ የሃይማኖትና የሕግ ታሪክ መታጠፊያዎች» የሚለውን ምዕራፍ ሰባት የጻፍኩት እኔ ነኝ። በምዕራፉ መጨረሻ፣ ገጽ 118 ላይ አንድ ሰንጠረዥ አለ። ከአርባ ገጽ ውስጥ ተማሪ የሚያነበው እሱን ብቻ ነው። ገጹን ቀደው በኪሳቸው ይዘው ሲዞሩ አይቻለሁ። እሱን እያየሁ ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም። የፈተናውን ጥያቄና የመልስ ቁልፍ ከሚያዘጋጁት አንዱ ነኝ፤ ዘንድሮ ደግሞ የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው ሰብሳቢ ሆኛለሁ። መጽሐፉን ጻፍኩ፣ ጥያቄውን አወጣሁ፣ መልሱን ወሰንኩ፣ ቅሬታውን ዳኘሁ። አንድ ሰው ይህን ሁሉ ወንበር መያዝ እንደሌለበት በዚያው ምዕራፍ ገጽ 97 ላይ «የሥልጣን ክፍፍል» በሚል ርእስ አስተምራለሁ።

2. ሰንጠረዡ እንዴት እንደተሠራ ላስረዳ። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት አምስት ሆነን በአንድ ጠባብ የስብሰባ ክፍል ተቀምጠን ነበር። ሰብሳቢያችን «አጭር ይበል» የሚል ቅጽል ስም የወጣላቸው ሰው ናቸው፤ ማንኛችንም አፋችንን ስንከፍት የሚሉት እሱኑ ነበርና። የገጽ ቅንብር ባለሙያው አንድ ገጽ፣ ሠላሳ አራት መስመር፣ ሦስት ዓምድ ሰጠን። አንዱ ዓምድ ለፖለቲካ፣ አንዱ ለሃይማኖት፣ አንዱ ለሕግ። ኮሚቴውም በቃለ ጉባኤ አንድ ደንብ አጸደቀ፦ አንድ ክስተት በአንድ ዓምድ ብቻ ይግባ፤ አንድ ዓመተ ምሕረትና አንድ ስም ብቻ ይኑረው። ደንቡን ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ተማሪ እንዳይደናገር ብዬ ነው። የጨርቅ ሱቅ ይመስል ታሪክን በሜትር ለካሁ ማለት ነው፤ የተረፈውን ቁራጭ ማን እንደሚለብሰው ግን አላሰብኩም።

3. በዚያው ሰሞን ስለ ሞግዚትነት ሕግ መለወጥ ለመጻፍ ወደ አሮጌው ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሄድኩ። መዝገቡን የሚጠብቁት ሴት ባልደረቦቻቸው «እሜቴ ዶሴ» ይሏቸዋል፤ እርሳቸውም ሲጠሩ አቤት ይላሉ። ከሦስተኛው መደርደሪያ አንድ ዶሴ አወረዱ፤ አቧራውን በሻሻቸው ጠርገው ፊቴ አስቀመጡት። የእጅ ጽሑፉ ለእኔ አልነበብ አለኝ። እርሳቸው ግን እድሜያቸውን ሙሉ ከእንዲህ ያለ ጽሑፍ ጋር የኖሩ ናቸው። ሦስት ቀን ሙሉ እርሳቸው እያነበቡ እኔ ጻፍኩ። ከትምህርት ቤት የተመለሰች የስድስት ዓመት ልጃቸው ከጠረጴዛው ጫፍ ተቀምጣ የዶሴ ማሰሪያ ክር በቀለም በቀለሙ እየለየች ትሰማን ነበር። እባክዎ ይህችን ልጅ ያስታውሱልኝ።

በዶሴው ውስጥ ያለው ነገር ይህ ነው። ጨርቅ በቀለም እየነከረች የምትኖር አንዲት ሴት ባሏ ሞተ። በጊዜው ሕግ ቤቱም ልጆቹም ወደ ሟች ወንድም ይሄዳሉ። ሴትዮዋ ከሰሰች። ዳኛው ሕጉን ገልጦ አየና ፈረደባት። ልጆቿ በአሥራ ዘጠኝ ቀን ውስጥ እንዲወሰዱ ተወሰነ። እርሷ ግን እጇ እስከ ክርኑ ሰማያዊ እንደሆነ በየጠዋቱ እየመጣች ከችሎቱ በር ላይ ትቆም ጀመር። አትጮህም፣ አታለቅስም፣ ትቆማለች። ይህን የጻፈው የችሎቱ ጸሐፊ ነው፤ «ዛሬም ቆማለች» እያለ በየቀኑ መዝግቧል።

በአሥራ አምስተኛው ቀን አንድ የሃይማኖት አባት ወደ ችሎቱ መጡ። ሕጉ የተመሠረተበትን የቅዱስ መጽሐፍ ቃል የጓደኞቻቸው ጉባኤ ሁሉ ይደግፍ ነበር። እርሳቸው ግን ከሦስት አሮጌ ቅጂ ጋር አመሳክረው ነበር። ያ ቃል በአሮጌዎቹ ቅጂዎች ውስጥ የለም። አንድ ገልባጭ የራሱን አሳብ ኅዳግ ላይ ጽፎት፣ ቀጣዩ ገልባጭ ወደ ውስጥ አስገብቶት፣ ከዚያ በኋላ ሁሉም እየገለበጠው ሕግ ሆኖ ኖሯል። አባትየው ይህን በሸንጎ ፊት ሲናገሩ የገዛ ጉባኤያቸው ተነሥቶ ወጣባቸው።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ዳኛው ችሎት ገባ። የራሱን ፍርድ አስመጣና በገዛ እጁ እንዲህ ጻፈበት፦ «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ጉዳዩ እንደ አዲስ ይታይ።» ልጆቹ ከእናታቸው ጋር ቀሩ። ከሁለት ዓመት ከአራት ወር በኋላ ገዢው አዋጅ አወጣ፤ የአዋጁም ቃል ከዳኛው ውሳኔ አንድ በአንድ የተቀዳ ነው። እሜቴ ዶሴ ያን ገጽ አንብበው ሲጨርሱ፣ «መምህር፣ እዚህ ቤት ሃያ ዓመት ሠራሁ፤ ሰው ስሕተቴ ነው ብሎ የፈረመበት ወረቀት ያየሁት ይህን አንዱን ነው» አሉኝ።

4. ወደ ስብሰባው ተመለስኩ። ይህ ጉዳይ የሕግም፣ የሃይማኖትም፣ የፖለቲካም መታጠፊያ ነው። በየትኛው ዓምድ ይግባ? ደንቡ የእኔ ነው፤ አንድ ዓምድ፣ አንድ ዓመት፣ አንድ ስም። ሁለት ቀን ተከራከርኩ ብል ደስ ባለኝ፤ የተከራከርኩት ግን ለሩብ ሰዓት ያህል ነው። ሰብሳቢው «አጭር ይበል» አሉ፣ እኔም አሳጠርኩ። በፖለቲካ ዓምድ፣ «የሞግዚትነት አዋጅ» ብዬ፣ አዋጁ የወጣበትን ዓመትና የገዢውን ስም አስገባሁ። ቀለም ነካሪዋ ቀረች። አባትየው ቀሩ። ዳኛው ቀረ። ለእሜቴ ዶሴ በሚቀጥለው እትም አስተካክላለሁ ብዬ ቃል ገባሁላቸው። መጽሐፉ ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ታትሟል። በየጊዜው የእርማት ቅጽ ይላክልኛል። በሦስተኛው እትም በካርታ ላይ የአንድ ወንዝ ቀለም አስተካክያለሁ። ወንዙን አልረሳሁም፣ ክቡር ሆይ።

ለምን አላስተካከልኩም ቢባል መልሱ ቀላል ነው። ገጹ ዝነኛ ሆነ። በየአስጠኚው ግድግዳ ተለጠፈ። ሌሎች መጻሕፍት ከእኔ ወሰዱ፣ ሌሎች ደግሞ ከእነሱ ወሰዱ። ኅዳግ ላይ የጻፈው ያ ገልባጭ በእኔ ውስጥ እንደገና ተወለደ ብል ማጋነን አይደለም። እሱ እንኳ ሳያውቅ ይሆናል ያደረገው።

5. በዘንድሮው ፈተና አራተኛው ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «ለሞግዚትነት ሕግ መለወጥ መታጠፊያ የሆነው ክስተት የትኛው ነው? መቼና በማን ተፈጸመ?» አሥር ነጥብ አለው። ቁልፉ አዋጁን፣ ዓመቱንና ገዢውን ይላል። የተፈታኝ ቁጥር 40716 አንድ ገጽ ተኩል ጽፋለች። የመልሷን የመጨረሻ መስመሮች እንዳሉ እገለብጣለሁ፦

«አዋጁን ያወጣው ገዢው መሆኑን መጽሐፋችን ይነግረናል፤ ልክ ነው። ግን አዋጅ የሚወጣው ነገሩ ከታጠፈ በኋላ ነው። መታጠፊያው ከአዋጁ ሁለት ዓመት በፊት፣ ዳኛው ወንበሩ ላይ ተመልሶ ትናንት የፈረድኩት ስሕተት ነው ያለበት ጠዋት ነው። ሴትዮዋ በሩ ላይ ባትቆም፣ አባትየውም ብቻቸውን ባይመጡ ዳኛው አይመለስም ነበር። ስለዚህ በማን ለሚለው ጥያቄ አንድ ስም መጻፍ አልችልም፤ ይቅርታ።»

አራሚው በቀይ ዜሮ አድርጎ «ከቁልፉ ውጪ» ብሎ ጽፏል። አራሚውን አልወቅስም። አራሚ በቁልፍ ያርማል፤ ቁልፉን የሠራው ማን ሆነና። ተፈታኟ ወደ ሕግ ትምህርት ቤት ለመግባት ሦስት ነጥብ ጎደላት።

6. ቅሬታዋ ባለፈው ማክሰኞ፣ ነሐሴ 2፣ ለኮሚቴያችን ቀረበ። ሦስት ነበርን፤ እኔ፣ አንድ የሒሳብ መምህርና አንዲት የቋንቋ መምህርት። ወረቀቱ ላይ ስም የለበትም፤ ቁጥር ብቻ ነው። ሦስተኛው መስመር ላይ ስደርስ ግን ተመልሼ ሁለቴ አነበብኩት። «ዛሬም ቆማለች» የሚለውን የችሎት ጸሐፊ ቃል ጠቅሳዋለች። ያ ቃል በየትኛውም መጽሐፍ አልታተመም። ከዚያ ጠረጴዛ በስተቀር የትም አልተሰማም። እዚያ ጠረጴዛ ላይ የነበርነው ሦስት ሰዎች ብቻ ነን።

የሒሳብ መምህሩ ቅን ሰው ነው። «እኔ ታሪክ አላውቅም» አለ፤ «መጽሐፉን የጻፍከው አንተ ነህ። ልጅቷ ልክ ናት?»

«አይደለችም» አልኩ።

ክቡር ሆይ፣ የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ደግሞም ወለምታ አልነበረም፤ እያወቅሁ ነው ያልኩት። ልክ ናት ብል ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ አውቀዋለሁ፦ ታዲያ መጽሐፉ ለምን እንዲህ አለ? መቼ ነው ያወቅከው? አሥራ አንድ ዓመት ምን ስታደርግ ነበር? በሁለት ባልደረቦች ፊት ይህን ከመመለስ የአንዲት ልጅ ሦስት ነጥብ ቀለለኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ «መልሱ ከመማሪያ መጽሐፉ ጋር ስለማይጣጣም ቅሬታው ተቀባይነት አላገኘም» ብዬ ጻፍኩ፤ ፈረምኩ፤ ቲተሬን አሳረፍኩበት። ባልደረቦቼ በእኔ አምነው ፈረሙ። ጥፋቱ የእነርሱ አይደለም።

7. በማግስቱ ረቡዕ የተፈታኟ እናት፣ እሜቴ ዶሴ፣ የውሳኔውን ደብዳቤ ለመውሰድ ወደ ጽሕፈት ቤታችን መጥተው ነበር። ኮሪደሩ ላይ፣ የውኃ ማቀዝቀዣው አጠገብ ካለችው አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ደብዳቤውን ከፍተው አንብበውታል፤ ፊርማዬን አይተዋል። ሳያዩኝ ለማለፍ ሞከርኩ፤ እንዲህ ያለ ትልቅ ሰውነት ይዤ የት ልደበቅ። ተነሡልኝ። እኔ ለእርሳቸው መነሣት ሲገባኝ እርሳቸው ለእኔ ተነሡ።

«መምህር፣ ደህና ነዎት? ቤተሰብ ደህና?» አሉኝ። «ዶሴው አሁንም ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ ነው። ድንገት ቢያስፈልግዎ።»

ደብዳቤውን አራት አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱና ሄዱ። ቢሰድቡኝ በወደድኩ። ስድብ ቢሆን መልስ አለኝ፤ ሃያ ስድስት ዓመት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ያስተማረ ሰው ለስድብ መልስ አያጣም።

8. ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት ለመዘርዘር አልፈልግም። የዚህን ደብዳቤ መጀመሪያ ረቂቅ እሑድ ጻፍኩ፤ ሰባት ገጽ ሆነ። ለባለቤቴ አነበብኩላት። ባለቤቴ የልብስ ስፌት ባለሙያ ናት፤ ትርፍ ጨርቅ አትወድም። እስከ አምስተኛው ገጽ ታገሠችና፣ «እኔ የምልህ፣ ይሄ ደብዳቤ ለልጅቷ ነው ወይስ ለአንተ ልቅሶ ነው?» አለችኝ። «ጥፋተኛ ነኝ፣ ጥፋተኛ ነኝ ትላለህ፤ ልጅቷ የምትመዘገብበት ቀን መቼ እንደሆነ ግን እስካሁን አልነገርከኝም።»

አፈርኩ። እስክሪብቶዋን አንሥታ አራት አንቀጽ ሰረዘችብኝ። ከእነሱም ውስጥ አንዱ በጣም ጥሩ ነበር። ስለዚህ ከዚህ በታች ስለ ጸጸቴ የቀረ ካለ በእርሷ በኩል ያለፈ መሆኑ ይታወቅልኝ። ቀኑም ይኸውና፦ የሕግ ትምህርት ቤቱ ምዝገባ የሚዘጋው ዓርብ ነሐሴ 12፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው።

9. ትናንት ሰኞ የዶሴውን ትክክለኛ ግልባጭ ለማውጣት ወደ መዝገብ ቤቱ ሄድኩ። እሜቴ ዶሴ እንደማንኛውም ባለጉዳይ ቅጽ አስሞሉኝ፤ ወረፋም አስጠበቁኝ፤ አለመጠን አመሰገንኳቸው። እያንዳንዱ ዶሴ ከውስጥ ሽፋኑ ላይ ያነበበው ሰው የሚፈርምበት ካርድ አለው። የመጀመሪያው መስመር ላይ የእኔ ፊርማ አለ፣ የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት። ከእሱ በታች አራት ፊርማ አለ። አራቱም የአንድ ሰው ናቸው። የመጀመሪያው ገና በተማሪ እጅ፣ ፊደሉ እየተንጋደደ የተጻፈ ነው፤ የመጨረሻው ፈተናው ሊደርስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነው። ሌላ ማንም አልፈረመም። አገር ሙሉ የእኔን ገጽ ሲሸመድድ ወደ ምንጩ ሄዳ ያነበበች አንዲት ተማሪ ነች፤ ለእሷም ዜሮ ሰጠናት። መምህር ሆኜ ስኖር እንዲህ ያለ ተማሪ ይሰጠኝ ብዬ ስንት ጊዜ ተመኝቼ ነበር።

ለእናትዮዋ ይቅርታ ለመጠየቅ አፌን ከፈትኩ። «መምህር» አሉኝ ማኅተሙን እያሳረፉ፣ «ይቅርታውን እኋላ እንደርስበታለን። ምዝገባው ዓርብ በአሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋል፤ ይሂዱ።»

10. ስለ ደንቡ። በመመሪያችን መሠረት የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ውሳኔ የመጨረሻ እንደሆነ አውቃለሁ። የሕግ ክፍልዎም ይህንኑ እንደሚነግርዎ አልጠራጠርም። ለዚህ ያለኝን መልስ በሦስት ነጥብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ውሳኔው የተሰጠው ሰብሳቢው ለአባላቱ የሚያውቀውን እውነት ደብቆ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ውሳኔ ሊባል አይገባውም። ሁለተኛ፣ በራሴ መጽሐፍና በራሴ ቁልፍ ላይ በቀረበ ቅሬታ ዳኛ ሆኜ መቀመጥ ሳይገባኝ ተቀምጫለሁ። ሦስተኛ፣ የቀለም ነካሪዋም ፍርድ «ተፈጽሟል» ተብሎ በማኅተም የታሸገ ነበር። ዳኛው ማኅተሙን የፈታው የሚከለክለው ደንብ ስላልነበረ አይደለም፤ ልጆቹ ገና ስላልተወሰዱ ነው። እኛም ገና ጊዜ አለን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ቢሉኝ መልሴ ይኸው ነው፤ ጅቡ የሚሄደው ዓርብ ነው።

ለአንድ ሰው በር ብንከፍት ሺህ ሰው ይገባል የሚል ስጋት እንደሚኖርዎትም እገምታለሁ። ይግባ። በዚህ ጥያቄ ከቁልፉ ውጪ ጽፈው ዜሮ ያገኙ ሌሎች ካሉ ወረቀታቸው ይታይ። እንደ ቁልፉ የመለሱት ተማሪዎች ግን ነጥባቸው እንዳይነካ እለምናለሁ፤ የጻፉት እኔ ያስተማርኳቸውን ነው፤ እኔን በማመናቸው መቀጣት የለባቸውም።

ስለዚህ በትሕትና የምጠይቀው፦

ሀ) የተፈታኝ ቁጥር 40716 የአራተኛ ጥያቄ መልስ፣ እኔ በሌለሁበት፣ ታሪክ በሚያውቁ ሁለት ሰዎች ከዶሴው ግልባጭ ጋር ተነጻጽሮ እስከ ሐሙስ ማታ እንዲታረም፤ ውጤቱም ዓርብ ጠዋት ለሕግ ትምህርት ቤቱ እንዲደርስ። ከዚህ ደብዳቤ ውስጥ የሚፈጸመው አንድ ነገር ብቻ ቢሆን ይህ ይሁን፤ የቀረውን ሁሉ ትቼዋለሁ።

ለ) እኔ ከቅሬታ ሰሚ ኮሚቴውም ከፈተና አዘጋጅነትም እንድነሣ። የዲሲፕሊን ክስ የሚቀርብብኝ ከሆነ ያለ ክርክር እቀበላለሁ። ባለቤቴ እዚህ ላይ ረጅም ነገር እንዳልጽፍ አስጠንቅቃኛለች።

ሐ) ገጽ 118 በሚቀጥለው እትም እንዲስተካከል። ሦስቱን ዓምዶች የሚያቋርጥ አንድ መስመር ይበቃል። የገጽ ቅንብር ባለሙያውን ትናንት በስልክ አነጋግሬዋለሁ። «አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ማን ከለከለህ? ዓምድ ማዋሐድ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው» አለኝ። ይህንንም እንዲያውቁት ያህል ነው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ይህን ተረት ለተማሪዎቼ በየዓመቱ ስነግር ኖሬአለሁ፤ ሲያመች ሲያመች እውነትን በይደር የማቆይበት ሰበብ አድርጌው እንደኖርኩ የገባኝ በዚህ ሳምንት ነው። ይህች ልጅ የቀራት ማደሪያ ሦስት ሌሊት ብቻ ነው።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ አልላክሁትም፤ ለጸሐፊዎ በእጄ ሰጥቻለሁ። መልስዎን ከቢሮዎ ውጪ፣ ኮሪደሩ ላይ፣ የውኃ ማቀዝቀዣው አጠገብ ካለችው አግዳሚ ላይ ሆኜ እጠብቃለሁ። ዛሬ ባይመች ነገ እመጣለሁ፤ ነገ ባይመች ከነገ ወዲያ። አልጮህም፣ ሰው አላስቸግርም። ጸሐፊዎ «ሰውየው ዛሬም ተቀምጧል» ብለው ቢነግሩዎት፣ ምን ፈልጌ እንደተቀመጥኩ ያውቃሉ።

ከአክብሮት፣ ከኀፍረትና ከሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
የታሪክ መምህር፣ የምዕራፍ ሰባት ጸሐፊ
እስከ ዛሬ ጠዋት የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ

አባሪ፦
– የተፈታኝ ቁጥር 40716 የመልስ ወረቀት ቅጂ፣ 2 ገጽ
– ከአሮጌው ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት የወጣ የዶሴው ትክክለኛ ግልባጭ፣ 14 ገጽ፣ ከአንባቢዎች ካርዱ ጋር
– ነሐሴ 2 የፈረምኩት የኮሚቴው ውሳኔ ዋና ቅጂ፣ 1 ገጽ። ኅዳጉ ላይ በቀይ የተጻፈው «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ ጉዳዩ እንደ አዲስ ይታይ» የሚለው የእኔ እጅ ጽሑፍ ነው። እባክዎ ቀጣዩ ገልባጭ ይህን ወደ ውስጥ ያስገባው።

ግልባጭ፦
– ለሒሳብ መምህሩና ለቋንቋ መምህርቷ
– ለአሮጌው ፍርድ ቤት መዝገብ ጠባቂ፣ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ